ሄኖክ ወዴት ይሄድ ነበር?

በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሸር ውስጥ፣ ዎከር የሚባል ሰው የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ስሙ የጠበቃ ቢሮ ላይ ይነበባል፤ ዳቦ ቤት ላይ ይነበባል፤ የመቃብር ድንጋይ ላይ ይነበባል። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ ስሙን ሲሰማ «በእግሩ የሚሄድ፣ ተራማጅ» ብሎ ይተረጉመዋል። አገር ቤት ያለ ሰውም ቢሆን ስሙን ከጆኒ ዎከር ጠርሙስ ያውቀዋል። ረጅም ባርኔጣ አድርጎ፣ ከዘራ ይዞ፣ እግሩን ከፍቶ የሚራመደውን ሰውዬ ቶም ብራውን የሚባል ሠዓሊ በ1908 እ.ኤ.አ. የሣለው ስሙን እንደዚያው ተረድቶ ነው። ይህ ስም መጀመሪያ የወጣላቸው ሰዎች ግን መንገደኞች አልነበሩም። ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡበት አንድ ገንዳ ነበራቸው፤ ሥራቸውም ጨርቅ መርገጥ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሸማኔ እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ ገና ልብስ አይደለም። ቅባቱ አልለቀቀውም፤ ድርና ማጉ ልል ነው፤ ወደ ብርሃን ቢያነሡት ወዲያ ማዶ ያሳያል። ረጋጩ ጨርቁን ገንዳ ውስጥ ይከትና የቆየ ሽንት ያፈስበታል፤ ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ስለሚያወጣ ቅባቱን ይፈታዋል። ቅባት የሚመጥጥ ለስላሳ አፈርም ይጨመርበታል። ከዚያ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ይገባና ይረግጣል። የሱፍ ጸጉር ላዩ በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ስለሆነ ሙቀት፣ ርጥበትና ርግጫ ሲያገኘው አንዱ ከሌላው ይቆላለፋል። ጨርቁ በርዝመቱም በወርዱም ያንሳል፤ እያነሰ ግን ይወፍራል፤ ክር ከክር እስከማይለይ ይጠብቅና ነፋስም ዝናብም አላሳልፍ ይላል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲረግጥ ውሎ ሲወጣ ያው ጠዋት የገባበት ቦታ ላይ ነው። በቁመቱ ልክ እንኳ ወደፊት አልሄደም።

ይህን ሠራተኛ በሰሜኑ ዎከር፣ በደቡብ ምዕራቡ ተከር፣ በደቡብ ምሥራቁ ፉለር ይሉት ነበር። ሦስቱም ዛሬ የቤተሰብ ስም ሆነው ቀርተዋል። በኋላ የሰውን እግር የውኃ ኃይል ተካው። በ1185 እ.ኤ.አ. የቴምፕለር መነኮሳት ወታደሮች ንብረታቸውን ሲያስመዘግቡ እዚሁ እኔ የምኖርበት ሊድስ አጠገብ፣ ኒውሳም ላይ፣ ጨርቅ የሚወቅጥ የውኃ ወፍጮ እንዳላቸው ተጽፏል፤ እንግሊዝ ውስጥ በመዝገብ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አርምሊ የሚባለው የድሮ ሱፍ ፋብሪካ አሁን ሙዚየም ሆኗል፤ እግርን የተኩትን ትልልቅ የእንጨት መዶሻዎች እዚያ ሄዶ ማየት ይቻላል። የመዶሻው ራስ እንደ ደረጃ የተሸረከተ ነው። የተሠራው እንዲቀጠቅጥ ብቻ አይደለም፤ ጨርቁን በየምቱ እያገላበጠ እንዲያዞረው ጭምር ነው። ተረከዝና ጣት የሚሠሩትን ሥራ እንጨት እንዲሠራው አድርገው ቀርጸውታል።

አሁን ወደ ግሱ ልምጣ። እንግሊዞች ዛሬ በእግር ለመሄድ የሚሉት «ዎክ» በጥንቱ ቋንቋቸው «ዌልካን» ነበር፤ ትርጉሙም መንከባለል፣ መናጥ፣ መናወጥ ነው። የሚነገረውም ከሰው ይልቅ ለባሕር ነበር። ኤክሰተር በሚባለው ካቴድራል ተጠብቆ በቆየው የ10ኛው መቶ ዘመን የግጥም መጽሐፍ ውስጥ፣ ባሕረኛው ችግሩን ሲናገር የማዕበሉን መናወጥ የሚጠራው ከዚህ ሥር በወጣ ስም ነው። በእግር ለመሄድ ሌላ ግስ ነበራቸው፤ የዛሬው «ጎ» አባት የሆነው። መናጥ የነበረው ቃል ወዲያ ወዲህ ማለትን፣ መዘዋወርን እያቀፈ መጥቶ በ1200 እ.ኤ.አ. አካባቢ በእግር የመሄድን ትርጉም ይዞ በጽሑፍ ይታያል። ጀርመኖች ዛሬም «ቫልከን» ሲሉ ጨርቅ መርገጥ ማለታቸው ነው። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ባሉት ደሴቶችም ሴቶች ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው እርጥቡን ሱፍ እየመቱ፣ በዘፈን እየተቀባበሉ ይሠሩት የነበረው ሥራ በእንግሊዝኛ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ያስቆፈረኝ ሥራዬ አይደለም። እኔ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ነኝ፤ ልጅነቴን ያሳለፍሁት ጎጃም ቅኔ ቤት ነው። ያስቆፈረኝ ሄኖክ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንን ሳስተምር መጽሐፍ ቅዱሳቸው እንግሊዝኛ ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ላይ ስንደርስ፣ ሰው ሁሉ ኖረ፣ ወለደ፣ ሞተ እየተባለ በሚቆጠርበት በዚያ ረጅም የትውልድ ሐረግ መካከል፣ ስለ አንድ ሰው ብቻ ሞተ አይባልም። 365 ዓመት ኖረ፤ ከእግዚአብሔር ጋር ሄደ፣ በእንግሊዝኛው ያው «ዎክ» ነው፤ ከዚያ አልተገኘም። ከልጆቹ አንዷ እጇን አነሣችና «ወዴት ነው የሄዱት?» አለች። እኔም መጽሐፉን መልሼ አየሁት። ወዴት አይልም። ሦስት መቶ ዓመት ተሄደ፤ የተነሡበት አልተጻፈም፤ የደረሱበት አልተጻፈም።

የኔታ እንዳስተማሩኝ፣ መጽሐፍ ዝም ያለበት ቦታ ሲገኝ አልፎ መሄድ ነውር ነው። ቆሞ «አንድም» ማለት ይገባል። እኔም በቻልሁት መጠን ቆሜአለሁ።

የዕብራይስጡ ቃል «ሂትሃሌክ» ነው። መሄድ ከሚለው ተራ ግስ የወጣ ቢሆንም በእርባታው ይለያል፤ ሄዶ መመለስን፣ ደጋግሞ መሄድን፣ ወዲያ ወዲህ ማለትን ያሰማል። ለአማርኛ ይህ አይከብደውም፤ «መመላለስ» አለን። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም አብርሃም በአምላኩ ፊት እንዲሆን የታዘዘውን በዚሁ በመመላለስ ነው የተረጐመው። ሄኖክ ላይ ሲደርስ ግን «አካሄድ» የሚለውን ስም አመጣ። ደስ የሚያሰኝ ምርጫ ነው፤ አካሄድ ስለ መድረሻ አይናገርም፤ ስለ አኳኋን ነው የሚናገረው። ሰው «አካሄዱ አላማረኝም» ሲል የተባለው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ባያውቅም ይናገራል።

ግዕዙ ደግሞ ሌላ ነው። ኦሪት ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪኩ ስለሆነ፣ ግሪኩ ያለውን ተከትሎ ሄኖክ እግዚአብሔርን «አሥመሮ» ይላል፤ ደስ አሰኘው ማለት ነው። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክትም በምዕራፍ 11 ይህንኑ የግሪክ ንባብ ይዞ ሄኖክን የሚያመሰግነው ደስ በማሰኘቱ ነው። በቅኔ ቤት ሳለሁ የማውቀው ይህን ሄኖክ ነበር፤ ፈተናውን አልፎ ውጤቱን የተቀበለ ሄኖክን። ደስ ማሰኘት ያለቀ ነገር ነው። መሄድ ግን፣ በተለይ ያ መመላለሱ፣ ሲያልቅ አይታይም። አንዱ ንባብ ስለ ሄኖክ ደረጃ ይነግረናል፤ ሌላው ስለ ማክሰኞና ስለ ሐሙስ ውሎው። ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ አባቶቻችንም ሁለት ንባብ ሲገኝ አንዱን አይጥሉም። ሆኖም ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ ልቤ ወደ ሁለተኛው አድልቷል።

የሚገርመው፣ እንግሊዞች ሄኖክን አብልጠው ያወቁት ከእኛ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግዕዝ ብቻ ነበር። ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ሲመለስ፣ በ1773 እ.ኤ.አ.፣ ሦስት ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ገባ፤ በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ኦክስፎርድ ላይ በእንግሊዝኛ አሳተመው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ በሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን ዋሻ ውስጥ፣ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙና የመጽሐፉ ጥንታዊነት ታወቀ። በዚያ መጽሐፍ ሄኖክ መላእክት እየመሩት የምድርን ዳርቻ ይዞራል፤ የነፋሳትን ማደሪያ ያያል፤ የከዋክብትን እስር ቤት ያያል። ሰው ከዘፍጥረቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይልቅ ይህን ጉዞ ቢወድ አልፈርድበትም። እኔን ግን የያዘኝ አጭሩ ነው፤ ምንም ያልታየበት፣ ብቻ የተሄደበት።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ልሸፍነው አልፈልግም። መመላለስ በራሱ ቅድስና ቢሆን ኖሮ ሰይጣንም ቅዱስ በሆነ ነበር። መጽሐፈ ኢዮብ ሲጀምር ሰይጣን ከየት መጣህ ተብሎ ሲጠየቅ ምድርን ስዞር፣ ስመላለስባት ነበር ብሎ ይመልሳል፤ የዕብራይስጡ ግስ ያው የሄኖክ ግስ ነው፤ አማርኛውም ለአብርሃም የተነገረው ያው መመላለስ ነው። አንድ ቃል፣ አንድ እርባታ፣ ሁለት ሂያጆች። ልዩነቱ ያለው ከግሱ ቀጥሎ በሚመጣው ነገር ላይ ነው። ሰይጣን ምድር «ላይ» ይመላለሳል፤ ሄኖክ ከእግዚአብሔር «ጋር» ይሄዳል። የሰይጣን እርምጃ የራሱ ነው፤ ሲፈልግ ይፈጥናል፣ ሲፈልግ ይቆማል፣ ማንንም አይጠብቅም፣ የሚጠብቀውም የለም። ከሌላ ጋር የሚሄድ ሰው ግን የመጀመሪያ ሥራው ፍጥነቱን መተው ነው።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። በመኖሪያችን አንዲት አሮጊት ሴት ነበሩ። በወጣትነታቸው ሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል፤ ሥራቸው የተሸመነው ጨርቅ ወደ ርግጫው ከመሄዱ በፊት በጣታቸው እየዳሰሱ ቋጠሮውን መፍታት፣ የተበጠሰውን ክር መቀጠል ነበር። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው በኋላ ሰዓቱን፣ ቤቱን፣ የልጆቻቸውን ስም ተዉት፤ ጣታቸው ግን ሥራውን አልተወም። ምግብ ቤት ሲቀመጡ የጠረጴዛውን ልብስ ከጫፍ ጀምረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየዳሰሱ ቋጠሮ ይፈልጉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ይነሡና ኮሪደሩን መመላለስ ይጀምራሉ። ከመስኮቱ እስከ እሳት መከላከያው በር፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ። በፋይላቸው ላይ ይህ መባከን ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ካልጎዳቸው በቀር እንዲቀመጡ እንድናግባባቸው ተነግሮናል።

መጀመሪያ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄዱ እጠይቃቸው ነበር፤ አንድ ቀን ገበያ፣ አንድ ቀን እናቴ ዘንድ ይሉኛል። ቆይቼ መጠየቁን ተውሁና ክንዴን ሰጥቼ አብሬ መሄድ ጀመርሁ። ከሰው ጋር ዝግ ብሎ መሄድ ከባድ ነው። እግሬ ደጋ ለደጋ ከአንድ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ስንከራተት የለመደ እግር ነው፤ ተማሪ ሆኜ ውሻ እያባረረኝ፣ አኩፋዳዬን አንግቤ ስሮጥ ነው ያደግሁት። እዚያ ኮሪደር ላይ ግን ጫማቸው ምንጣፉን ሲልግ እስኪሰማ ጠብቄ ነው የኔን እግር የማነሣው። በሩ ዘንድ ስንደርስ ይቆማሉ፤ እጀታውን ያዩታል፤ ይዞራሉ፤ እኔም እዞራለሁ። ትንፋሻቸው ይረጋጋል፤ ክንዴን የጨበጡበት እጅ ይላላል። አንዳንድ ጊዜ የእጅጌዬን ጨርቅ ይዳስሱና ቋጠሮ የሌለው መሆኑን አረጋግጠው «ጥሩ ሥራ ነው» ይሉኛል። የትም አልደረስንም። ያን ሰዓት ግን ባክኗል የሚል ሰው ቢመጣ በብርቱ እከራከረዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ያቺ ልጅ ወዴት ብላ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ የመሰለ ነገር ያገኘልኝ። ከእግዚአብሔር ጋር መሄድ ወደ አንድ ቦታ የመድረስ ጉዳይ ተደርጎ ሲነገረን ኖሯል፤ መንገዱ ይህ ነው፣ በሩ ያ ነው፣ ተጠንቀቅ እንዳትስት። ይህ ስብከት ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መድረሻውን ብቻ የሚያይ ሰው አብሮት የሚሄደውን ይረሳዋል። ጨርቅ ረጋጩም ቢሆን ርቀት ቢቆጥር ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ እግሩ ሥር ያለውን ጨርቅ ካየ ግን ጠዋት ወንፊት የነበረው ማታ ካባ ሊሆን ተቃርቧል። እግዚአብሔር ረጋጭ፣ እኛ ጨርቅ ነን ልበል? አንድም እንዲህ ይባላል፤ ነቢዩ ሚልክያስ የሚመጣውን ጌታ በልብስ አጣቢ ሳሙና መስሎታል፤ በዕብራይስጥ ልብስ ማጠብን የሚያመለክተው ግስም ከመርገጥ ጋር የተያያዘ ነው። ማርቆስም የደብረ ታቦርን ታሪክ ሲጽፍ የጌታን ልብስ ንጣት ያነጻጸረው በምድር ካለ አጣቢ ሥራ ጋር ነው። አንድም፣ ሂያጁ ሰው ራሱ ረጋጭም ተረጋጭም ነው፤ የተመላለሰበት ነገር ራሱን ያጠብቀዋል። እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ይሰማኛል።

ይህን ሐሳብ ብቻዬን ያወጣሁት መስሎኝ ብፈራው ኖሮ አልጽፈውም ነበር። የደፈርሁት አንድ ነገር ስላገኘሁ ነው። በቅኔ ቤት ግስ ስንማር ሖረ፣ የሐውር፣ «ሄደ፣ ይሄዳል» ብለን ይዘናል። ሐዋርያ የሚለው ስም ከዚሁ ይወጣል፤ ሂያጅ ማለት ነው። ግሪኩ ሐዋርያትን የሚጠራቸው «የተላኩ» ብሎ ነው፤ ላኪውን ያስባል። ግዕዙ እግራቸውን አይቶ ስም አወጣላቸው። ቃሉ በዚህ አላበቃም፤ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። ቅዱስ ቁርኣን የዒሳን ደቀ መዛሙርት «ሐዋሪዩን» ይላቸዋል፤ ቴዎዶር ኖልደኬን የመሳሰሉ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቃውንት ይህ ከግዕዝ የተወሰደ ቃል ነው ብለዋል። የዐረብ ሙፈሲሮች ግን ቃሉን በራሳቸው ቋንቋ ሲፈቱት ንጣትን ከሚያመለክት ሥር ጋር አገናኙት፤ በ923 እ.ኤ.አ. ያረፉት ታላቁ ጠበሪ ከመዘገቧቸው ትርጓሜዎች አንዱ፣ እነዚህ ሰዎች ሐዋሪዩን የተባሉት ልብስ አንጪዎች፣ ጨርቅ አጣቢዎች ስለነበሩ ነው የሚል ነው።

ይህን ያነበብሁ ቀን ከወንበሬ ተነሥቼ ክፍሉን ዞርሁት። እንግሊዞች ጨርቅ ረጋጭ የነበረውን ስም ዛሬ ሂያጅ ብለው ያነብቡታል። ዐረቦች ሂያጅ የነበረውን የግዕዝ ስም ጨርቅ አንጪ ብለው አነበቡት። አንዱ ከሌላው አልሰማም፤ ዮርክሸርና ባግዳድ አልተማከሩም። ይህን ምሥጢር ነው ብዬ ለማንም አልሰብክም፤ ቃላት በአጋጣሚ ይገናኛሉ። እኔ ግን ሁለቱ ሥራዎች በሰው ልብ ውስጥ ጎረቤት ባይሆኑ ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ቤት አይለዋወጡም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሐዋርያት ብዙ አገር ዞሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ሦስት ዓመት ከገሊላ ኢየሩሳሌም፣ ከኢየሩሳሌም ገሊላ ሲመላለሱ ነበር፤ የጠበቁትም፣ የጠነከሩትም፣ አንድ የሆኑትም በዚያ መመላለስ ነው።

አንድ የማከብራቸው ቄስ ይህን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። «ልጄ፣ ክርስቲያን መንገደኛ ነው፤ አገሩ በሰማይ ነው። መድረሻ የሌለው ጉዞ መቅበዝበዝ ይባላል፤ እሱም የቃየል ርግማን ነው» አሉኝ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ዕብራውያን 11 ላይ ከሄኖክ ጥቂት ቁጥር ወረድ ብሎ አብርሃም አለ፤ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ፤ መሠረት ያላትን ከተማ ይጠባበቅ ነበር። አብርሃም ከተማ አለው። እኔም ከተማዋን አልክድም፤ በየቀኑ «መንግሥትህ ትምጣ» እላለሁ። ልብ ያልሁት፣ ያው ምዕራፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡን ነው፦ ከቤቱ የወጣውንና ከቤቱ ስለ መውጣቱ ምንም ያልተጻፈለትን። ሁለቱም በእምነት ተብሏል። የቃየል መከራ ደግሞ መድረሻ ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ከእግዚአብሔር ፊት መውጣቱ ነው። ብቻውን ሄደ። ይህን ስላቸው ዝም ብለው አሰቡና «እስቲ እናየዋለን» አሉ፤ እሳቸው እናየዋለን ካሉ ያዩታል።

ደግሞስ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ይህን በእግሯ ታውቀው የለ! በበዓል ቀን፣ በምንከራየው የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ወንበሩን ወደ ዳር አድርገን ምንጣፉ ላይ በካልሲ እንቆማለን። መሪጌታው ያነሣሉ፤ ሁለቱ ረድፎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መቋሚያው ይነሣል፣ ጸናጽሉ ይመታል፤ ከበሮው ሲጀምር ወደፊት ይራመዳሉ፣ ወደኋላ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ወደፊት። ወረቡ እየፈጠነ ሲሄድ ምንጣፉ ላይ እግር ያረፈበት ቦታ ይታወቃል፤ ሁልጊዜ ያው ሁለት ክንድ የማይሞላ ስፍራ ነው። መምህራን ይህን ሲያመሠጥሩት፣ ሽብሸባው ጌታ በተያዘባት ሌሊት ወዲያ ወዲህ መገፋቱን፣ መንገላታቱን ያሳያል ይላሉ። መናጥ፣ መናወጥ፣ ወዲያ ወዲህ መባል፦ ያ የጥንቱ የእንግሊዞች ግስ የያዘው ነገር ሁሉ እዚህ አለ። ታቦቱም ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞሮ ወደ ወጣበት ይገባል። እዚህ የተወለዱት ልጆች ይህን ሲያዩ ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ አይጠይቁም፤ ከኋላ ተሰልፈው ይዞራሉ።

ነቢዩ ሚክያስ እግዚአብሔር ከሰው የሚሻውን ሦስት ነገር ሲዘረዝር ሦስተኛው ከአምላክ ጋር መሄድ ነው፤ ከትሕትና ጋር። ትሕትና ለምን ከመሄድ ጋር ተጣመረ ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። ከትልቅ ጋር የሚሄድ ትንሽ እንዲያንስ ነው የሚለው ፍቺ አላጠገበኝም። ከደካማ ጋር የሚሄድም ያንሳል፤ እንዲያውም የሚያንሰው እሱ ነው። በዚያ ኮሪደር ላይ እርምጃውን ያሳጠረው ጉልበት ያለው እኔ ነበርሁ፤ እሳቸው ባላቸው ፍጥነት ነበር የሚሄዱት። ሄኖክ ሦስት መቶ ዓመት ከአምላክ ጋር ሲሄድ እርምጃውን ያሳጠረው ማን ይሆን? የሰው እግር ወደ አምላክ ፍጥነት አይደርስም፤ እንግዲህ ቀስ ያለው አምላክ ነው ማለት ነው። በሥጋዌ ጊዜ ያየነውም ይህንኑ ነው፤ ከኤማሁስ መንገደኞች ጋር በእነሱ እርምጃ ልክ፣ በእነሱ ሐዘን ልክ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ወደ ዘፍጥረት መጀመሪያ ተመለስሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያ የመመላለስ ግስ መጀመሪያ የሚገኘው ሄኖክ ላይ አይደለም፤ ምዕራፍ 3 ላይ ነው፤ የተነገረውም ለሰው አይደለም። ቀኑ በመሸ ጊዜ እግዚአብሔር በገነት ሲመላለስ አዳምና ሔዋን ድምፁን ሰሙ። ሄኖክ ላይ መሄድን ወደ ደስ ማሰኘት የመለሱት የግሪኩ ተርጓሚዎች እንኳ እዚህ ላይ መሄዱን አልለወጡትም። ወዴት ይሄድ ነበር ተብሎም አልተጻፈም፤ ገነት ሁሉ የሱ ናትና የሚደርስበት የለም። መጽሐፍ የመዘገበው የመጀመሪያው ሂያጅ እንግዲህ እሱ ነው። ሰዎቹ ሲሰሙት ዛፍ ውስጥ ተሸሸጉ፤ እሱም አዳምን የት ነህ አለው። ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደ ዳኛ ጥያቄ ሆኖ ይተረጐማል፤ እኔ ግን ማታ ማታ አብሮት የሚሄደውን ሰው ያጣ አካል ጥያቄ አድርጌ ነው የማነብበው። ከአዳም ሰባተኛ የሆነው ሄኖክ ያን ድምፅ ሲሰማ አልተሸሸገም። ለልጂቱም የነገርኋት ይህን ነው፦ ሄኖክ መንገድ አልጀመረም፤ ቀድሞ ሲመላለስ ከነበረው ጋር ተቀላቀለ።